ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በአላስካ የመርከብ ጉዞ፦ በየወደቡ ማን የት ይሂድ?

በዛሬው የቤተሰብ ፕሮግራማችን በአሜሪካ፣ በተለይም በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችንን የሚመለከት ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ከሚያዝያ ወር ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ከሲያትል ወደብ ተነስተው ወደ አላስካ የሚጓዙ የመዝናኛ መርከቦች አሉ። ጉዞው ብዙውን ጊዜ ሰባት ሌሊት ይፈጃል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ መርከብ ይሳፈራሉ። መርከቡ ወደብ ላይ ሲቆም ግን ጥያቄ ይነሳል፤ ወርደን የት እንሂድ? ማንስ ከማን ጋር ይሂድ?

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም በቅርብ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ የገጠመውን እናንሳ። ልጆቹ "ለእኛ ሲሉ የደከሙ እናታችን ትንሽ ይዝናኑ" ብለው ገንዘብ አጠራቅመው ይዘዋቸው ሄዱ። በየወደቡ የመረጡት ጉብኝት ግን አንዱ በሄሊኮፕተር፣ አንዱ ረጅም የእግር መንገድ፣ አንዱ ደግሞ በገመድ ተንጠልጥሎ በጫካ ላይ መንሸራተት ነበር። እናት ሲጠየቁ "ተዉኝ ልጆቼ፤ እኔ እዚሁ እሆናለሁ፣ ሕፃኑንም እኔው እይዝላችኋለሁ" አሉ። ልጆቹም እውነት መሰላቸው። ሦስት ወደብ ታለፈ፤ በሦስቱም እናት ሕፃን ታቅፈው በመስኮት ሲመለከቱ ዋሉ። ከጉዞው ሲመለሱ ጎረቤታቸው "አላስካ እንዴት ነበር?" ቢላቸው "ክፍሉ ይሞቅ ነበር፣ አልሐምዱሊላህ" ብለው መለሱ። ልጃቸው ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

ውድ አድማጮቻችን፣ ወላጆቻችን "እኔ አልፈልግም" ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ "ላስቸግራችሁ አልፈልግም" ማለታቸው ነው። ስለዚህ "ይሄዳሉ ወይ?" ብለን አንጠይቃቸው። "ባቡሩ ይሻልዎታል ወይስ ጀልባው?" ብለን እንጠይቃቸው። ኢማም ሲያሰግድ ከኋላው ያሉትን ሽማግሌዎችና ደካሞች እንዲያስብ መታዘዙን ሁላችንም እናውቃለን። የቤተሰብ ጉዞም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የሚመረጠው በደካማው አቅም ልክ ነው፤ ለብርቱዎቹ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ይፈለጋል።

ይህን መለኪያ ይዘን ወደቦቹን እንመልከት።

የመጀመሪያዋ የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ናት። ከከተማው መሐል 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሜንደንሆል የተባለ ትልቅ የበረዶ ግግር ይገኛል። የዚህ ቦታ ጥቅሙ ለሁሉም የሚሆን ነገር በአንድ ላይ መያዙ ነው። ለመቀመጥ የሚሻ ሙቀት ያለው የጎብኚዎች ቤት ውስጥ ሆኖ በመስታወት በኩል በረዶውን ያያል። ምርኩዝ ወይም ዊልቸር የሚጠቀሙ ደርሶ መልሱ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የተነጠፈ መንገድ ይሄዳሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ደርሶ መልስ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ከፏፏቴው ሥር ይደርሳሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ከጁኖ ወጣ ብሎ ዓሣ ነባሪ ለማየት የሚወጡ ጀልባዎችም አሉ። ብዙዎቹ የተዘጋና የሚሞቅ መቀመጫ፣ መጸዳጃም አላቸው። ባሕር የሚያስመልሰው ሰው ካለ ግን ቀድሞ መድኃኒቱን ከሐኪም ይጠይቅ። የሄሊኮፕተር ጉብኝት ለአንድ ሰው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል፤ አየሩ ከከፋም ይሰረዛል።

ሁለተኛዋ ስካግዌይ ናት። እዚህ ለአያቶች የተሠራ የሚመስል ጉብኝት አለ፤ እርሱም ባቡር ነው። ይህ ጠባብ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1898 ተጀምሮ በ1900 የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ወርቅ ፍለጋ የጎረፈውን ሕዝብና ዕቃውን ለማመላለስ የተዘረጋ ነው። ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ 873 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ገደሉን፣ ፏፏቴውንና ዋሻውን ሁሉም ሰው ቁጭ ብሎ ያያል፤ ሕፃንም በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ይጓዛል። እስከ ተራራው ጫፍ ደርሶ የሚመለሰው ጉዞ ሦስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አልፎ ወደ ካናዳ ምድር የሚገባውን ለመረጠ ግን ፓስፖርት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛዋ ኬቺካን ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት። በዓመት ከ3,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ ይህም ከአዲስ አበባው ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። እዚህ ገንዘብ ሳይከፍሉ በእርጋታ መዋል ይቻላል። ከመርከቡ ብዙም ሳይርቁ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሳልሞን ዓሣ ከባሕር ወደ ወንዝ ሽቅብ ሲዘል ይታያል። በዚያው አካባቢ ከግንድ የተቀረጹ ረጃጅም ምስሎች አሉ። ልጆቻችን "ይህ ጣዖት ነው ወይ?" ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ትሊንጊትና ሃይዳ የተባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች የጎሳቸውን የዘር ሐረግና ታሪክ የሚያስታውሱባቸው እንጂ የሚያመልኳቸው አይደሉም ብለን እናስረዳቸው።

ከዚህ ሌላ አንዳንዶቹ መርከቦች ግላሲየር ቤይ ወደተባለው ብሔራዊ ፓርክ ይገባሉ። እዚያ ከመርከብ አይወረድም። የፓርኩ ጠባቂዎች ወደ መርከቡ ወጥተው ያስረዳሉ፤ የበረዶው ግድግዳ እየተሰነጠቀ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ከመርከቡ ሆኖ ይታያል። ይህ ቀን ቲኬት የማይቆረጥበት፣ ማንም ወደኋላ የማይቀርበት ቀን ነው። መርከብ ስንመርጥ ይህ ቀን መኖሩን እናጣራ።

እንግዲህ ጉብኝት ከመክፈላችን በፊት መጠየቅ ያለብንን እናስታውስ። "ቀላል" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ስንት ደቂቃ ይኬዳል? ስንት ደረጃ አለው? መቀመጫና መጸዳጃ የት አለ? ለሕፃናት የዕድሜ ወይም የክብደት ገደብ አለው? ዊልቸር የሚያነሳ አውቶቡስ ይገኛል? ቦታው ጥቂት ስለሆነ ቀደም ብሎ መያዝ ይበጃል። ሌላው፣ ጉብኝቱን በመርከቡ በኩል የገዛ ሰው ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ ከውጭ የገዛ ግን ዋጋው ቢቀንስለትም ከዘገየ መርከቡ ጥሎት ሊሄድ ይችላል። ከአዛውንትና ከሕፃን ጋር ስንሆን ይህን ልዩነት በሚገባ እንመዝን።

ልብስን በተመለከተ፣ በሐምሌም ቢሆን ከበረዶው አጠገብ ይበርዳል። አንድ ከባድ ካፖርት ከመልበስ ሱፍ የሆነውን ከውስጥ፣ ዝናብ የማያስገባውን ከላይ ደራርቦ መልበስ ይሻላል። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ስለዚህ ትርፍ ካልሲና ትርፍ ሻሽ ይያዝ። በሰኔ አጋማሽ በጁኖ ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም መግሪብና ዒሻ በጣም ይመሻሉ። የሶላት ሰዓቱን ቀድሞ ማውጣት፣ ለመንገደኛ ስለተፈቀደው ማሳጠርና ማጣመርም ከመነሳት በፊት ዑለማን መጠየቅ ያስፈልጋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ከሲያትል የሚነሱት መርከቦች በአሜሪካ ሕግ የተነሳ የውጭ አገር ወደብ መንካት ስላለባቸው አብዛኛውን ጊዜ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ይቆማሉ። ከኢትዮጵያ በጉብኝት ቪዛ የመጡ እናት ወይም አባት ካሉ፣ የካናዳ ቪዛና ወደ አሜሪካ መመለሻው ጉዳይ ከክፍያ በፊት ይጣራ።

ያ ቤተሰብ ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ሄደ። በዚህኛው ሕፃኑን ልጆቹ በተራ ያዙ፤ እናትም ባቡሩን መረጡ። ያደጉት ድሬዳዋ ነው፤ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 በደረሰባት ከተማ። ሽቅብ ሲወጡ በልጅነታቸው ስለሚያውቁት ባቡር፣ ስለ ጣቢያው ጩኸት፣ ከጅቡቲ ስለሚመጣው ዕቃ ሲያወሩ የልጅ ልጆቻቸው መስኮቱን ትተው እርሳቸውን ያዳምጡ ነበር። ጎረቤታቸው ዳግም ሲጠይቃቸው ወሬያቸው እስከ ምሽት አላለቀም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ወላጆቻችንን ይዞ መሄድ ብቻ አይበቃም፤ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።