በደጅ የሚያድር ሞተርና ውርጭ

በሰሜን ሸዋ፣ በአርሲና በባሌ ከፍተኛ ደጋዎች ከጥቅምት ማለቂያ እስከ ጥር ድረስ ሰማይ ጠርቶ ነፋስ በማይነፍስበት ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ገበሬው ውርጭ ባቄላና ድንች እንደሚመታ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በደጅ የሚያድረውን ሞተር ግን ብረት ነው ብሎ ይተወዋል። ብረቱን የሚጎዳው በውስጡ የቀረው ውኃ ነው። ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚጨምር፣ መስፊያ ቦታ ካጣ ወፍራሙን የሞተር ብሎክ ሳይቀር ይሰነጥቃል።

ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጠው የመስኖ ፓምፕ ነው። የሚሠራው በበጋ፣ የሚቆመውም ወንዝ ዳር ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ሌሊት ከተዳፋቱ ወርዶ በረባዳው ይተኛል። ስለሆነም ላይ ባለው መንደር ውርጭ ሳይታይ፣ ታች ፓምፑ ካለበት ውኃ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ብርዱም የሚበረታው ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ፣ ማታ ወጥቶ አየሩን መፈተን አያስተማምንም።

ውኃው ከላይ በተከፈተ ሳጥን እየፈላ የሚተንበት ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ሞተር ከሆነ መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ ማታ ውኃውን ማፍሰስ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ እጅ እስኪያስነካ ድረስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ማፍሰሻው ይከፈታል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የወንዝ ውኃ ደለል ስላለው ማፍሰሻውን ይደፍነዋል፤ ጥቂት ወርዶ ሲያቆም ያለቀ ይመስላል። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ መጎርጎርና ውኃው በእርግጥ መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ማፍሰሻው ክፍት ሆኖ ያድራል። የፓምፑም ሆድ ውኃ ስለሚይዝ የታችኛው ቡሎን ተፈቶ መፍሰስ አለበት። ጠዋት ሌላ ሰው ያለ ውኃ እንዳያስነሣው ምልክት ማንጠልጠል ይበጃል።

የተዘጋ ራዲያተር ላላቸው ትራክተሮችና በውኃ ለሚቀዘቅዙ ሞተር ብስክሌቶች በየማታው ማፍሰስ አይመችም። ለነዚህ አንቲፍሪዝ ይጨመራል። ከንጹሕ ውኃ ጋር እኩል በእኩል ሲደባለቅ ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ አይረጋም፤ ለሀገራችን ደጋ ከበቂ በላይ ነው። አንቲፍሪዙን ብቻውን መሙላት ግን ትርፍ የለውም፤ ያለ ውኃ ሲሆን ከድብልቁ ቀድሞ ይረጋል። በገጠር ከሚነዱት ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ በአየር የሚቀዘቅዙ ስለሆኑ ይህ አይመለከታቸውም፤ ሲሊንደሩ በቀጫጭን የብረት ክንፎች የተከበበና ራዲያተር የሌለው መሆኑን ማየት ይበቃል። በአንቲፍሪዝ ፈንታ ጨው መጨመር ሞተሩን በዝገት ይበላዋል።

ብዙው አንቲፍሪዝ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ሕፃናትና ውሾች ይጠጡታል። ክፍት ሳጥን ባለው ሞተር ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም፤ የፈሰሰውም ከብት ከሚጠጣበት ውኃ መራቅ አለበት።

ሞተሩ ከበረደ በኋላ ሸራ ማልበስ ወይም የሣር ዳስ መሥራት ጥሩ ነው፤ ማፍሰስን ግን አይተካም።

ውኃ ሳይፈስ አድሮ በረዶ ከሠራ ሞተሩን ለማስነሣት መታገል አይገባም። የፈላ ውኃ ማፍሰስም ያልተሰነጠቀውን ይሰነጥቃል። ፀሐይ እስክታቀልጠው ከተጠበቀ በኋላ የሚያንጠባጥብ ስንጥቅ ይፈለጋል፤ የዘይት መለኪያውም ተመዝዞ ይታያል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውኃ ገብቶበታልና መካኒክ ሳያየው አይነሣም።