አሜባን ከውስጥ የሚያፈነዳው ግዙፉ ቫይረስ

ቫይረስ ሲባል በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም ብለን ነው የምናውቀው፣ አይደል? ሚሚቫይረስ ግን ይታያል! እ.ኤ.አ. በ1992 እንግሊዝ አገር፣ ብራድፎርድ ከተማ፣ የማቀዝቀዣ ማማ ውኃ ውስጥ ሲገኝ ከትልቅነቱ የተነሳ ባክቴሪያ ነው ተብሎ ነበር። ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው።

አሜባ ባክቴሪያ እየዋጠች ነው የምትኖረው። ይሄንንም ምግብ መስሏት ዋጥ ታደርገዋለች። እኔን የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቫይረሱ ሆዷ ውስጥ (አሜባ እንኳን ሆድ የላትም፣ ለአነጋገር ነው) በመፈጨት ፈንታ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የሚመስል በሩን ይከፍትና ዲ.ኤን.ኤውን ወደ ሳይቶፕላዝሟ ይለቃል። እዚያው “የቫይረስ ፋብሪካ” ይቋቋማል። በማን ጉልበት? በራሷ በአሜባዋ! ቫይረሱ ራይቦዞም ስለሌለው ፕሮቲኑን የሚያሠራው በእሷ ራይቦዞም ነው። ግማሽ ቀን ገደማ ሲያልፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ቫይረሶች ይሞሉባትና ትፈነዳለች።

በ2008 ደግሞ ስፑትኒክ የሚባል ትንሽዬ ቫይረስ ተገኘ። እሱ የሚራባው የሚሚቫይረስ ዘመድ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ነው፤ ያኔ የሚወጡት ግዙፍ ቫይረሶች ያንሳሉ፣ አንዳንዶቹም ቅርጻቸው ይበላሻል። ቫይረስ ታመመ ማለት አይደል? መጽሐፋችን ቫይረስን ሕያው አይለውም። እኔ ግን የሚታመም ነገር ሕይወት የለውም ለማለት ይከብደኛል። እናንተስ?