ከውኃ በላይ የምትታይ ምልክት፦ የጠላቂዎች ባንዲራና የቦይል ሕግ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 2000 እንግሊዛዊቷ ድምፃዊት ከርስቲ ማኮል በሜክሲኮ ኮዙሜል ደሴት አጠገብ ከልጆቿ ጋር ጠልቃ ቆይታ ወደ ውኃው ገጽ ወጣች። ሥፍራው ለጠላቂዎች የተከለለና ሞተር ጀልባዎች እንዳይገቡበት የተከለከለ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ፈጣን ጀልባ ወደ እነርሱ ሲከንፍ ተመለከተች። በጀልባው መንገድ ላይ የነበረውን ልጇን ገፍትራ አዳነችው፤ እርሷ ግን ተመትታ በ41 ዓመቷ ሕይወቷ አለፈ።

ይህን ታሪክ ስናስታውስ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ከውኃ በታች ያለው ጠላቂና ከውኃ በላይ ያለው የጀልባ ነጂ አንዱ የሌላውን መኖር እንዴት ሊያውቅ ይችላል? በዚህ ጽሑፋችን ለዚሁ ተግባር የሚያገለግለውን ባንዲራና ተንሳፋፊ ምልክት፣ እንዲሁም በአጠቃቀሙ ረገድ ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ከሳይንስ አንጻር እንመለከታለን።

ለምን አይተያዩም?

በስኩባ መሣሪያ የሚጠልቅ ሰው የሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ለመለየት ይቸገራል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ሲጓዝ በውኃ ውስጥ 1500 ሜትር ያህል ይጓዛል። አእምሯችን የድምፅን አቅጣጫ ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ድምፁ ወደ ሁለቱ ጆሮዎቻችን በሚደርስበት ጊዜ መካከል ያለው እጅግ አነስተኛ ልዩነት ነው። በውኃ ውስጥ ይህ ልዩነት ከሩብ በታች ስለሚሆን ድምፁ ከሁሉም አቅጣጫ የመጣ ይመስላል።

የነጂውም ችግር ከዚህ አያንስም። በማዕበል መካከል ብቅ ያለ የሰው ራስ ከሩቅ ሲታይ ከምትንሳፈፍ ቅል አይበልጥም። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጀልባ ደግሞ በአንድ ሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ያልፋል። በመሆኑም ከሩቅ የሚታይ ምልክት ግድ ይላል።

ሁለቱ ባንዲራዎች

በጠላቂዎች ዘንድ የታወቁ ሁለት ባንዲራዎች አሉ። የመጀመሪያው ቀይ መደብ ላይ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚወርድ ነጭ ሰንበር ያለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ የተጀመረ ነው፤ «በዚህ አካባቢ ጠላቂ አለ» ማለት ነው። ሁለተኛው በዓለም አቀፉ የመርከቦች የምልክት ቋንቋ «አልፋ» የሚባለው ነጭና ሰማያዊ ባንዲራ ነው። መልእክቱም «ጠላቂ አሰማርቻለሁ፤ ርቃችሁ በዝግታ እለፉ» የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመርከቦችን ግጭት ለመከላከል የተደነገገ ዓለም አቀፍ ደንብ፣ በጠለቃ ሥራ ላይ ያሉ ትናንሽ ጀልባዎች ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያላነሰ የማይታጠፍ የአልፋ ምልክት እንዲያሳዩ ያዝዛል።

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት ሕግ ርቀቱንም ይወስናል። ጀልባዎች በሰፊ ባሕር ላይ ከባንዲራው 91 ሜትር ያህል፣ በወንዝና በጠባብ መተላለፊያ 30 ሜትር ያህል እንዲርቁ ይጠበቃል። ከዚያ ለመቅረብ የተገደደ ጀልባ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሄዳል። ጠላቂውም በተመሳሳይ ርቀት ውስጥ ለመቆየት መጣር አለበት። ከላይ የጠቀስነው ጀልባ 91 ሜትሩን በ9 ሴኮንድ ያህል ስለሚጨርስ፣ ከባንዲራው ርቆ የወጣ ጠላቂ ጥበቃውን በገዛ እጁ ይተዋል። ባንዲራው ጠላቂ በውኃ ውስጥ በሌለበት ጊዜ መውረድ አለበት። አለበለዚያ በሐሰት «ነብር መጣ!» እያለ እንደጮኸው እረኛ፣ በእውነተኛው ጊዜ የሚያምነው ያጣል።

የቦይል ሕግ በባሕር ውስጥ

ጠላቂዎች ከጀልባቸው ርቀው በሚወጡበት ጊዜ ከጥልቀት ወደ ላይ የሚልኩት ረጅም፣ ደማቅ ቀለም ያለው የአየር ከረጢትም አለ። እዚህ ላይ በትምህርት ቤት የተማርነው የቦይል ሕግ ይመጣል፦ የሙቀት መጠኑ ካልተለወጠ፣ በጋዝ ላይ ያለው ግፊት በግማሽ ሲቀንስ ይዘቱ እጥፍ ይሆናል።

በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በአንድ አትሞስፌር ያህል ስለሚጨምር፣ በ20 ሜትር ጥልቀት ላይ 3 አትሞስፌር ይሆናል። ስለዚህ 12 ሊትር የሚይዝ ከረጢት በዚያ ጥልቀት 4 ሊትር አየር ብቻ ቢገባበት ወደ ላይ ሲደርስ ይሞላል። በአርኪሜድስ ሕግ መሠረት የሞላው ከረጢት ወደ ላይ የሚስበው ኃይል 12 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ ሊያነሣ ይችላል።

አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ገመዱ በጠላቂው መሣሪያ ላይ ከተጠመጠመ ከረጢቱ ሰውየውን ይዞት ይወጣል። በድንጋጤ ትንፋሹን ከያዘ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ሳምባውን የሞላው አየር ወደ ውኃው ገጽ ሲደርስ እጥፍ ቦታ ስለሚፈልግ ሳምባውን ሊቀድ ይችላል። በደሙና በሌላው የሰውነቱ ክፍል የሟሟው ናይትሮጅንም፣ ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ፣ አረፋ ሊፈጥር ይችላል።

ጥንቃቄዎቹም የሚከተሉት ናቸው፦

• ከረጢቱን ከመልቀቅ በፊት ወደ ላይ ማየትና የሞተር ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ፤
• የገመዱን መጠቅለያ በሰውነት ላይ ከማሰር ይልቅ ከሰውነት አርቆ በእጅ መያዝ፤
• በጥልቀት ላይ ጥቂት አየር ብቻ መጨመር፤
• ገመዱ አልፈታ ካለ ሳያመነቱ መልቀቅ፤
• ትንፋሽን ፈጽሞ አለመያዝ፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት መውጣትና በ5 ሜትር ጥልቀት ላይ 3 ደቂቃ ያህል ማረፍ፤
• ምልክቱ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ገመዱን ወጠር አድርጎ ይዞ በአጠገቡ መውጣት፤ እንደወጡም ዙሪያውን መቃኘት።

እንግዲህ ባንዲራው ከጠላቂው የሚጠይቀውን አይተናል። ነገር ግን የኮዙሜሉ አደጋ እንደሚያስታውሰን፣ ለጠላቂዎች የተከለለ ሥፍራ እንኳ ጀልባን በራሱ ሊያቆም አይችልም። ጀልባውን የሚያዘገየው የነጂው እጅ ነው። ምልክቱም ሕይወት የሚያድነው ጠላቂው በአግባቡ ሲያቆመው፣ ነጂውም ትርጉሙን ዐውቆ ሲያከብረው ነው።