ከትዕዛዙ ቁጥር ይልቅ የተመላሹ

አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ጫማ የሚሸጥ ወጣት አለ እንበል። በ1,500 ብር ያመጣውን ጫማ በ2,000 ብር ይሸጣል። ለሞተረኛው በአንድ ጉዞ 150 ብር የሚከፍለው ራሱ ሲሆን ገዢው ደግሞ የሚከፍለው ዕቃው እጁ ሲገባ ነው። በቀን 10 ትዕዛዝ ይመጣለታል። ከእነዚህ ሦስቱ ስልክ አያነሱም፣ ወይም «ፎቶው ላይ ሌላ ነበር» ብለው ይመልሱታል። የሰባቱ ትርፍ 3,500 ብር ነው። ለማድረሻ 1,500፣ ሦስቱን ወደ ቤት ለመመለስ 450 ብር ሲወጣ 1,550 ብር ይቀራል።

ይኸው ወጣት ተመላሹን ከሦስት ወደ አንድ ቢያወርድ፣ አንድም አዲስ ደንበኛ ሳይጨምር ቀሪው 2,850 ብር ይሆናል። ተመላሹን እንዳለ ትቶ በማስታወቂያ ብቻ እዚህ ለመድረስ ቢፈልግ ግን በቀን ከ18 በላይ ትዕዛዝ ያስፈልገዋል፤ የማስታወቂያው ወጪ ደግሞ ገና አልታሰበም። የትዕዛዝ ብዛት ብቻውን ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ንግድን በአድቫንስድ ዲፕሎማ ደረጃ ስለመማር ሲነሳ ይህ ሒሳብ መቅደም ያለበት ይመስለኛል። በአገራችን የቴክኒክና ሙያ መሰላል ከደረጃ 4 ቀጥሎ የሚመጣው ደረጃ 5 በተለምዶ በዚህ ስም ይጠራል። ወደዚያ የሚያማትረው ወጣት ብዙ ጊዜ በሒሳብ አያያዝ፣ በሽያጭ ወይም በአይቲ ደረጃ 4 የያዘ፣ ለዲግሪ ዓመታት ማጥፋት ያልፈለገ ነው። ምርጫው አያስወቅሰውም። ጥያቄው ገንዘቡንና ጊዜውን ከፍሎ የሚያገኘው ምንድነው የሚለው ነው። ድረ ገጽ መሥራት፣ ፔጅ ማስተዳደር፣ ማስታወቂያ «ቡስት» ማድረግ ከሆነ ይህን ስልኩ ላይ በነፃ ይማረዋል። ዛሬ የተማረው ቁልፍም በቀጣዩ ዓመት ቦታውን ይቀይራል።

የክፍያው መንገድ እንደ ድሮው ጭንቅ አይደለም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ተመዝጋቢ አለው። ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ባንኮቹን ኢትስዊች ያገናኛቸዋል። ሕጉም ቢሆን አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክትና ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የደንበኛን ስምና ስልክ መዝግቦ የሚይዝ ነጋዴን ይመለከታል።

ገንዘብ በስልክ መላክ እየተቻለ ገዢው አሁንም «መጀመሪያ ልየው» የሚለው ሻጩን ስለማያውቀው ነው። ሻጩም ቢሆን ገዢውን አያውቀውም። አድራሻው «ከመድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከሱቁ አጠገብ፣ ስትደርስ ደውል» ነው። ዋጋውን እንኳ በግልጽ ሳይጽፍ «በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ እምነት አጣሁ ብሎ ሲያማርር ይገርመኛል።

ቻይናዎቹም ከዚህ አላመለጡም ነበር። አሊባባ የኢንተርኔት ገበያውን ታዎባዎን እ.ኤ.አ. በ2003 ሲከፍት የገጠመው ይኸው አለመተማመን ነው። መፍትሔው አሊፔይ ሆነ፤ የገዢው ገንዘብ መሐል ላይ ይያዛል፣ ዕቃው መድረሱን ገዢው ሲያረጋግጥ ለሻጩ ይለቀቃል። የአሊፔይ መነሻ ፈጣን ክፍያ ሳይሆን አደራ ጠባቂነት ነበር። በአፍሪካ ደግሞ ሲደርስ በሚከፈል ገንዘብ ላይ ብዙ የተደገፈው የኢንተርኔት ገበያ ጁሚያ አለ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 አክሲዮኑን ኒውዮርክ ገበያ ላይ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የካሜሩንና የታንዛኒያ ሥራውን ዘጋ። ካፒታሉ የዚያን ያህል የሆነ ድርጅት በማድረሻ ወጪ ከተፈተነ፣ የእኛ ጫማ ሻጭ ምን ያህል ጠንቅቆ ማስላት እንዳለበት መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ የዲፕሎማው ልብ ተመላሽ መቀነስ፣ ክምችት መያዝ፣ ማድረስ እና የአንዲት ዕቃን ትርፍ እስከ መጨረሻው ሳንቲም ማስላት መሆን አለበት። ከመላክ በፊት ደውሎ ማረጋገጥ፣ የጫማውን ቁጥር በሴንቲሜትር መጻፍ፣ ዕቃውን በራስ ስልክ በቀን ብርሃን ማንሳት፣ በአንድ ሰፈር ያሉ ትዕዛዞችን በአንድ ጉዞ ማውጣት ተራ ነገር ይመስላሉ። 1,550ን 2,850 የሚያደርጉት ግን እነሱ ናቸው። ውጭ የሚኖር ዘመድ ለፋሲካ እናቱ ቤት በግ እንዲደርስለት ሲያዝም ነገሩ ያው ነው። ክፍያው ከዋሽንግተን በካርድ በደቂቃ ያልቃል። በጉ በዋዜማው ካልደረሰ ግን ያ ደንበኛ በሚቀጥለው በዓል አይመለስም፤ አገሪቱም ልታገኝ የምትችለው የውጭ ምንዛሪ አብሮ ይቀራል።

ይህን ደግሞ ሰሌዳ ላይ ማስተማር አይቻልም። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን 70 በመቶ ተግባር፣ 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ ይሁን ይላል፤ ተግባሩም በትብብር ሥልጠና ድርጅት ውስጥ እንዲካሄድ ይፈለጋል። ለብየዳ ጋራዥ አለ፣ ለምግብ ዝግጅት ሆቴል አለ። በኤሌክትሮኒክ ንግድ ግን አብዛኛው ሻጭ ንግድ ፈቃድም ቲን ቁጥርም የሌለው የቴሌግራም ቻናል ነው። ኮሌጁ ከማን ጋር ውል ይፈርማል? ትልልቆቹ የማድረሻ ድርጅቶች ጥቂት ናቸው፤ ሠልጣኙ ደግሞ ብዙ። የትምህርቱ ትክክለኛ ማነቆ እዚህ ላይ ነው፤ የኮምፒውተር እጥረት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የቻይናዋ ኢው ከተማ፣ የእኛም አስመጪዎች የሚያውቋት የጥቃቅን ሸቀጥ ገበያ፣ ለዚህ መልስ ሰጥታለች። እዚያ ያለው የኢንዱስትሪና ንግድ ኮሌጅ ተማሪዎቹ ታዎባዎ ላይ ሱቅ ከፍተው ሽያጫቸው እንደ ትምህርት ነጥብ እንዲቆጠር አደረገ። መርካቶ በአጠገባቸው ያለ የአዲስ አበባ ኮሌጆች ይህን ለመሞከር የሚከለክላቸው ነገር አይታየኝም። በኮሌጁ ስም የወጣ አንድ ንግድ ፈቃድ፣ ከመርካቶ ባለሱቆች ጋር የኮሚሽን ስምምነት እና ሁለት ሞተረኛ ለመነሻ ይበቃል። ተማሪው ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ግብር ያስታውቃል፣ የተቆጣ ደንበኛ ያነጋግራል። ምዘናውም የሙከራ ድረ ገጽ ማሳየት ሳይሆን የወር የሽያጭና የተመላሽ መዝገብ መመርመር ይሁን።

ለመመዝገብ የምታስቡ ወጣቶች ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ኮሌጁን «ተማሪዎቻችሁ ባለፈው መንፈቅ ምን ሸጡ፣ ስንቱስ ተመለሰባቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር ያለው መልስ ካገኛችሁ ተመዝገቡ። ካላገኛችሁ በዚያው ገንዘብ የሒሳብ አያያዝ ተማሩና ሽያጩን በትንሽ ዕቃ ራሳችሁ ጀምሩት።