የንግድ መዝገቦችን በኮምፒዩተር ስለ ማገናኘት

የአንድ አስመጪ ሒሳብ በአንድ መዝገብ ብቻ አይገኝም። የባንኩ መግለጫ፣ የጉምሩኩ ዲክላራሲዮንና የሱቁ ሽያጭ በየፊናቸው ይቀመጣሉ። እነዚህን በየወሩ በእጅ እየገለበጡ ማመሳከር ጊዜ ከመፍጀቱም በላይ ስሕተት አያጣውም።

ይህን ድካም ከሚያቃልሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንዱ ናይም ይባላል። ሥራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 በጀርመን አገር በኮንስታንስ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ በ2006 ለሕዝብ ቀረበ፤ ዋናው ክፍል ያለ ክፍያ ይገኛል። የሚሠራበትም ሰው የፕሮግራም ቋንቋ መማር አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ተግባር በገበታው ላይ በትንሽ ሣጥን ይመሰላል፤ አንዱ ሣጥን መዝገቡን ያነባል፣ ሁለተኛው ያጣራል፣ ሦስተኛው ሁለት መዝገቦችን ያጋጥማል፤ ሣጥኖቹም በመስመር ይያያዛሉ። አንድ ጊዜ የተሰናዳው ሰንሰለት የሚቀጥለው ወር መዝገብ ሲቀርብለት ያንኑ ሥራ ይደግማል።

ነገር ግን መሣሪያው የታዘዘውን እንጂ የታሰበውን አያውቅም። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒዩተር ሁለት ናቸው፤ ስለዚህም የተከፈለ ዕዳ ያልተከፈለ መስሎ ሊታይ ይችላል። መዝገቦች በስም ሳይሆን በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም በደረሰኝ ቁጥር ቢጋጠሙ ይሻላል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ አንደኛው መዝገብ በአውሮፓ፣ ሌላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ እንደ ሆነ አስቀድሞ ወደ አንድ መለወጥ ያሻል፤ 12 ወር ብቻ የሚያውቀው ፕሮግራም ጳጉሜንን እንደ ቀን ሊቀበል አይችልምና።

ከሁሉም በላይ፣ ያልተጋጠመው ሁሉ ለብቻው በዝርዝር እንዲወጣ ይደረግ። መቁጠሩ ለመሣሪያው ሊተው ይችላል፤ በዚያ ዝርዝር ላይ መፍረድ ግን የነጋዴውና የሒሳብ ሹሙ ሥራ ነው።