ድምፃችን እንዴት ወንበር ይሆናል?

በአንድ የምርጫ ክልል አርባ ሺህ ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። ዕጩዎቹ አራት ናቸው። «ሀ» 14,000፣ «ለ» 12,000፣ «ሐ» 9,000፣ «መ» 5,000 ድምፅ አገኙ። ፓርላማ የሚገባው «ሀ» ነው። ከአርባ ሺሁ መራጮች ሃያ ስድስት ሺዎቹ የፈለጉት ሌላ ሰው ነበር፤ የእነሱ ድምፅ ግን ተቆጥሮና ተመዝግቦ እዚያው ይቀራል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሚያዘው ይህንኑ ነው፦ በየምርጫ ክልሉ ከተወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም፤ ሁለተኛ የወጣውን በአንድ ድምፅ ከበለጠ ይበቃዋል።

አሁን ይህንኑ ውጤት በአዲስ አበባ 23 የምርጫ ክልሎች ሁሉ እንድገመው። «ሀ» በየቦታው 35 በመቶ እያገኘ 23ቱንም ወንበር ይጠቀልላል። የተቀሩት ሦስቱ ተደምረው 65 በመቶ ድምፅ ይዘው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ወንበሮቹ እንደየድምፁ መጠን ቢከፋፈሉ ኖሮ «ሀ» 8፣ «ለ» 7፣ «ሐ» 5፣ «መ» 3 ያገኙ ነበር። ተመጣጣኝ ውክልና የሚባለው ይህ ነው። መራጩ ያው፣ የሰጠው ድምፅ ያው፣ የሚወጣው ምክር ቤት ግን ፈጽሞ ሌላ።

የቁጥር ጨዋታ ለሚመስለው ሰው የራሳችን ታሪክ አለ። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ ያገኘው የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከ23ቱ 22ቱ የገዢው ኢሕአዴግ ሆኑ፤ ለተቃዋሚው መድረክ አንድ ብቻ ተረፈ። በሁለቱ ምርጫዎች መካከል የተቃዋሚ መሪዎች ታስረዋል፣ የፖለቲካ ምኅዳሩ ጠብቧል፤ ስለዚህ ሁሉንም በአቆጣጠሩ ላይ መደፍደፍ እውነትን መሸፈን ይሆናል። ቢሆንም አንዲት ከተማ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ወደዚህ፣ ነገ ሙሉ በሙሉ ወደዚያ የምትገለበጠው አሸናፊው ሁሉንም የሚወስድበት ሥርዓት ስላለ ነው። በአገር ደረጃ በ2002 ከ547 ወንበሮች 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙ፤ በ2007 አንድም ተቃዋሚ ፓርላማ አልገባም። በሰኔ 2013ቱ ድምፅ አሰጣጥ ገዢው ብልጽግና ውጤታቸው ከታወቀው 436 ወንበሮች 410 ወሰደ።

ከዚህ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የሚጠቀመው ብዙ ደጋፊ ያለው ብቻ አይደለም፤ ደጋፊዎቹ በአንድ አካባቢ የተሰበሰቡለትም ይጠቀማል። በመላው አገሪቱ ተበትኖ አሥር በመቶ ድምፅ ያለው ፓርቲ አንድም ወንበር ላያገኝ ይችላል። ከአገሪቱ ድምፅ አንድ በመቶ ብቻ ያለው፣ ነገር ግን ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ዞን የሚኖሩለት ፓርቲ ደግሞ የዞኑን ወንበሮች ያፍሳል። በ2013 በአገር አቀፍነት የተወዳደረው ኢዜማ ያገኘው 4 ወንበር ነው፤ በአንድ ዞን ላይ የቆመው የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 አግኝቷል። ጌዴኦዎች መወከላቸው መልካም ነው፣ ይገባቸዋልም። ፓርቲዎች ግን ከዚህ የሚማሩት ትምህርት አለ፦ ከሐረር እስከ ጎንደር የሚደመጥ ሐሳብ ከማቅረብ ይልቅ በአንድ ሰፈር ሕዝብ ቁስል ላይ መቆም ወንበር ያስገኛል። ፖለቲከኞቻችን ስለምን ሁልጊዜ ስለ ወሰን ያወራሉ ብለን ስናዝን፣ የምርጫ ሥርዓቱ ራሱ ይህን እንደሚሸልም ማስታወስ አለብን።

ብዙ ሰው መፍትሔ ሲባል ቀድሞ የሚያስበው የሥልጣን ዘመን ገደብን ነው፤ «ሁለት ጊዜ ይበቃል» ይላል። በሕጋችን ይህ ገደብ ያለው የሚገባው ቦታ ላይ አይደለም። ሥልጣኑ በአብዛኛው የክብር የሆነው ፕሬዚዳንት በአንቀጽ 70 መሠረት ከሁለት የስድስት ዓመት ዘመን በላይ ሊመረጥ አይችልም። አገሪቱን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ግን በአንቀጽ 72 የሥራ ዘመኑ የምክር ቤቱ ዘመን ነው፤ ፓርቲው በየአምስት ዓመቱ እስካሸነፈና እስከመረጠው ድረስ ወሰን የለውም። መለስ ዜናዊ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ሕይወታቸው እስኪያልፍ 17 ዓመት በዚህ ወንበር ቆይተዋል። ዐቢይ አሕመድ በ2010 ሥልጣን በያዙ በሳምንታት ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ዘመን እንዲገደብ እንደሚፈልጉ ተናግረው ነበር፤ አንቀጽ 72 ግን እንደነበረው ነው። ይህ ገደብ መጻፍ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ጦሩንም፣ በጀቱንም፣ ሹመቱንም የያዘ ሰው መቼ እንደሚወርድ ሕዝቡ ቀኑን ማወቅ አለበት።

ለምክር ቤት አባላትስ? እዚህ ላይ መልሴ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ክርክር በደንብ ታውቁታላችሁ። እዚያ የኮንግረስ አባል ወንበሩን የግሉ ያህል ይይዘዋል፤ የሚሺጋኑ ጆን ዲንግል ከ1955 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. 59 ዓመት ተቀምጠዋል። በርካታ ክፍለ ግዛቶች ለኮንግረስ ተወካዮቻቸው ገደብ አውጥተው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1995 እ.ኤ.አ. ይህ ሕገ መንግሥት ሳይሻሻል አይሆንም ብሎ ሻረው። የእኛ ችግር ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። በእኛ አገር ወንበሩ የተወካዩ ሳይሆን የፓርቲው ነው፤ ዕጩ የሚያደርገውም የሚያስቀረውም ፓርቲው ነው። ፊቶች በየምርጫው ይቀያየራሉ፤ እጅ የሚወጣው ግን እንደበፊቱ በአንድነት ነው።

ሜክሲኮ ይህን በሚገባ ታሳያለች። በ1933 እ.ኤ.አ. የምክር ቤት አባላት በተከታታይ እንዳይመረጡ ከለከለች። ክልከላው ለሰማንያ ዓመታት ያህል ሲጸና አንድ ፓርቲ እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የታችኛውን ምክር ቤት፣ እስከ 2000 ደግሞ ፕሬዚዳንትነቱን አልለቀቀም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንድ ተወካይ ሦስት ዓመት አገልግሎ ወደ መራጩ መመለስ ካልተፈቀደለት፣ ቀጣዩን እንጀራ የሚሰጠው ፓርቲው ነው፤ ስለዚህ የሚያስደስተው ፓርቲውን ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በተከታታይ መመረጥን እንደገና ፈቀዱ፤ በ2025 ደግሞ ከ2030 ጀምሮ እንዲከለከል ሕገ መንግሥታቸውን መልሰው አሻሻሉ። ክርክሩ እዚያም አላለቀም።

ስለዚህ ለምክር ቤቱ ዋናው ጥያቄ የመግቢያ በሩ፣ ማለትም የምርጫ ሥርዓቱ ነው። ይህን የተናገረው ተቃዋሚ ብቻ አይደለም። በመስከረም 2009 ዓ.ም.፣ ከዓመት ተቃውሞና ደም መፍሰስ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ መክፈቻ ላይ ልዩ ልዩ ድምፆች እንዲሰሙ የምርጫ ሕጉ እንደሚሻሻል አስታወቁ። በተከተለው ድርድር ፓርቲዎች 80 በመቶው በአብላጫ ድምፅ፣ 20 በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና በሚያዝበት ቅይጥ ትይዩ ሥርዓት ላይ ተስማምተው ነበር። ከዚያ የአመራር ለውጥ መጣ፣ በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162 አብላጫ ድምፅን እንዳለ አስቀጠለ፣ ስምምነቱም ተረሳ።

ቢተገበር ኖሮ ግን ጥቅሙ ከሚታሰበው ያነሰ ነበር። ትይዩ ሲሆን ሁለቱ ቆጠራዎች አይተያዩም። መቶ ወንበር ቢኖርና የቅድሙ «ሀ» በ35 በመቶ ሰማንያውን ቢጠቀልል፣ ከሃያውም ድርሻውን 7 ይጨምራል፤ 87 ይሆናል። ሌላው ዓይነት ቅይጥ ማካካሻ ነው፦ ሃያው ወንበር በመጀመሪያው ቆጠራ ለተጎዱት ብቻ ይሰጣል።

ማካካሻውን ከአፍሪካ የሞከረችው ሌሶቶ ናት። በ1998 እ.ኤ.አ. አንድ ፓርቲ በ60 በመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ያዘ። ተሸናፊዎቹ አደባባይ ወጡ፣ ወታደሩ ታመሰ፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ገባ፣ ማሴሩ ነደደች። ከዚያ ተቀምጠው ተነጋገሩና 80ዎቹን ወንበሮች ሳይነኩ 40 የማካካሻ ወንበር ጨመሩ። በ2002 እ.ኤ.አ. ምርጫ ያው ፓርቲ አሸነፈ፤ ዋናው ተቃዋሚ ግን ከ40ዎቹ 21ዱን ይዞ ምክር ቤት ገባ። የሌሶቶ ፖለቲካ ከዚያ በኋላም ችግር አላጣውም። ያም ሆኖ ለተሸናፊው ከአደባባዩ ሌላ የሚናገርበት ቦታ ተገኘለት።

የፓርቲ ዝርዝር የራሱ ጉዳት አለው፤ መደበቅ አይገባም። ማን ስንተኛ ላይ እንደሚሰለፍ የሚወስኑት የፓርቲ አለቆች ናቸው፤ የቀበሌው መንገድ ሲቆረጥ ሰው የሚጮኽበት የራሱ ተወካይም አይኖረውም። አገሪቱ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል የምትቆጠርባት እስራኤል ከ2019 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት አምስት ጊዜ መርጣለች። በሌላ በኩል ግን በብዙ ከተሞች ተበታትነው የሚኖሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1996 እ.ኤ.አ. ከመካከላቸው አዲሱ መሰለን ወደ አገሪቱ ምክር ቤት ክኔሴት ማስገባት የቻሉት በዝርዝሩ አማካይነት ነው፤ በየሰፈሩ አብላጫ ይዞ ማሸነፍ ለተበተነ ሕዝብ እጅግ ከባድ ነው። እኔ ቅይጡን፣ ያውም ማካካሻውን የምመርጠው ለዚህ ነው፦ የሰፈሩም ተወካይ ይቀራል፣ የተበተነውም ሰው ይሰማል።

መንገዱ ቀላል አይደለም። አብላጫ ድምፅ የተጻፈው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ስለሆነ አዋጅ ብቻውን አይለውጠውም፤ የወንበሮቹም ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ እዚያው ተገድቧል። በአንቀጽ 105 መሠረት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው ማጽደቅ አለባቸው። ዛሬ ክልሎቹ 12 ስለሆኑ ስምንት ምክር ቤቶች ይፈለጋሉ ማለት ነው። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ዘመን ለመገደብም መንገዱ ይኸው ነው። እጃቸውን የሚያወጡት ሰዎች በነባሩ ሕግ ያሸነፉ ናቸው፤ የምርጫ ሕጉ ይሻሻላል የሚለው የ2009ኙ ቃል የመጣውም ወንበር ስለጠበበ ሳይሆን መንገዶች በተቃውሞ ስለተዘጉ ነበር።