«ሀብታችሁን አሳውቁ» ያሉት ታሰሩ፤ ሙስናን እዋጋለሁ የሚል መንግሥት ሙስናን የሚቃወም ዜጋ ለምን ያስራል?

(ከቴሌቪዥን ሳምንታዊ ትንታኔ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሲጀምር ከሀገራችን ራቅ ይላል፤ ወደ ቻይና ነው የምንሄደው። መጨረሻው ላይ ግን አዲስ አበባ መግባታችን አይቀርም። ኢሕአዴግ «ልማታዊ መንግሥት» ይል በነበረበት ዘመን በአድናቆት ከሚያያቸው አንዱ የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የቻይናውን ቀን በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር እጠራለሁ።

ጥያቄው ቀላል ነው። አንድ መንግሥት «ሙስናን ከሥሩ እነቅላለሁ» ብሎ በአደባባይ ቢነሳ፣ ዜጋው ደግሞ «እኛም እናግዛችሁ» ቢል፣ መንግሥት ደስ ሊለው አይገባም? ታዲያ ለምን ያስረዋል?

በአንድ ሰው ታሪክ እንየው። ዶ/ር ሹ ጂዮንግ የሕግ ምሁር ናቸው፤ ዶክትሬታቸውን ከፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ አግኝተው ቤጂንግ ውስጥ ያስተምሩ ነበር። በ2003 ጓንግዦ በምትባለው ከተማ ሱን ጂጋንግ የተባለ የ27 ዓመት ወጣት የመኖሪያ ፈቃድ አልያዝክም ተብሎ ተያዘና በማቆያ ውስጥ ተደብድቦ ሞተ። ሹ ከሁለት የሕግ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው «ይህ ሰው የሚታፈስበት ደንብ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል» ብለው ለሀገሪቱ ምክር ቤት ጻፉ። በዚያው ዓመት ሰኔ ደንቡ ተሻረ! ያን ጊዜ ብዙ ቻይናውያን በሕግ መንገድ ሄዶ ማሸነፍ ይቻላል ብለው ተስፋ አደረጉ።

ሹ ጎንግሜንግ የሚባል የሕግ ድጋፍ ማዕከል አቋቁመው ነበር። በ2008 ሜላሚን የተባለ ኬሚካል የተቀላቀለበት የዱቄት ወተት ሕፃናትን ሲጎዳ፣ የወላጆችን አቤቱታ ከያዙት መካከል እነሱ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት በጁላይ ማዕከሉ «ግብር አጭበርብሯል» ተብሎ ተዘጋ፤ ሹም ታስረው ከሳምንታት በኋላ ተለቀቁ። ይህን 2009ን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። በኖቬምበር 2012 ሺ ጂንፒንግ የፓርቲውን ሥልጣን ያዙና «ነብሮቹንም ዝንቦቹንም እንመታለን» አሉ። ነብር ትልቁ ባለሥልጣን ነው፤ ዝንብ ደግሞ የቀበሌው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ኒውዮርክ ታይምስ የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር የዌን ጂያባኦ ቤተሰብ ቢያንስ 2.7 ቢሊዮን ዶላር የሚገመት ሀብት እንደሚቆጣጠር ዘግቦ ነበር። የቻይና መንግሥት መልስ የጋዜጣውን ድረ ገጽ መዝጋት ሆነ።

ሹና ጠበቃው ዲንግ ጂያሺ በዚህ ጊዜ «የአዲስ ዜጎች ንቅናቄ» በሚባለው ስብስብ ውስጥ ነበሩ። ጥያቄያቸው አንድ መስመር ነው፤ ባለሥልጣናት ሀብታችሁን ለሕዝብ አሳውቁ። ፊርማ አሰባሰቡ፣ እራት እየበሉ ተወያዩ፣ አልፎ አልፎ ጎዳና ላይ ጨርቅ ዘርግተው ቆሙ። ማርች 31 ቀን 2013 ቤጂንግ ሺዳን በሚባለው የገበያ ሰፈር አራት ሰዎች ይህንኑ ጥያቄ የያዘ ጨርቅ ይዘው ወጡ፤ ተያዙ። ከዚያ እስሩ ቀጠለ። ዲንግ በኤፕሪል፣ ሹ በጁላይ፣ ንቅናቄውን በገንዘብ የደገፉት ቢሊየነር ዋንግ ጎንግቹዋን ሳይቀሩ በሴፕቴምበር ታሰሩ።

ክሱ ምን ይላል? ስለ ሙስና አንድም ነገር የለበትም። «ሰው ሰብስቦ የሕዝብ መገልገያ ስፍራ ሥርዓት ማወክ» ነው። ችሎቱ ጃንዋሪ 22 ቀን 2014 ተሰየመ። በዚያው ቀን ገደማ ዓለም አቀፍ የምርመራ ጋዜጠኞች ማኅበር የቻይና መሪዎች ዘመዶች በውጭ ደሴቶች ስላስመዘገቧቸው ድርጅቶች ሰነድ አወጣ። ውጭ ሰነዱ ይነበባል፣ ውስጥ ደግሞ «ሀብታችሁን አሳዩን» ያለው ሰው ፍርድ ቤት ቆሟል። ሹ የመጨረሻ ቃላቸውን ማንበብ ሲጀምሩ ዳኛው አቋረጧቸው። አራት ዓመት ተፈረደባቸው።

እዚህ ላይ «ታዲያ የሺ ጂንፒንግ ዘመቻ ውሸት ነበር ማለት ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ውሸትስ አልነበረም። የጸጥታው ቁንጮ የነበሩት ጆ ዮንግካንግ እንኳ በ2015 ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸዋል። ነገሩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። በቻይና ሙስናን የሚመረምረው ራሱ የፓርቲው የዲሲፕሊን ኮሚሽን ነው። ባለሥልጣናትም ሀብታቸውን ያሳውቃሉ፤ የሚያሳውቁት ግን ለፓርቲው ነው። ዝርዝሩ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። የማን ፋይል መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው ከላይ ያለው ሰው ነው።

አሁን ሹ የጠየቁትን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ዝርዝሩ ለሕዝብ ይውጣ ማለት ፋይሉ በሁሉም እጅ ይግባ ማለት ነው። ያኔ መሪው የሚያስፈራራበት ነገር ያጣል፤ የእሱም ዝርዝር አብሮ ይወጣል። ለዚህ ነው ጨርቅ የያዙ አራት ሰዎች ከሰረቀ ሚኒስትር በላይ የሚያስፈሩት። የሰረቀው ሚኒስትር ፋይል ያለበት ሰው ነው፣ አፉን ይዞ ይታዘዛል። ሀብቱን በአደባባይ የሚጠይቀውን ዜጋ ግን በምን ይይዙታል? ወይ በግብር፣ ወይ በጸጥታ።

«ፋይል አለው» የሚለው አባባል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1993 ዓ.ም ሕወሓት ለሁለት ሲሰነጠቅ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ተቋቋመ፤ ተጠሪነቱ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ነበር። ወዲያው አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ይለቀቁ ብለው ወሰኑ፤ አቶ ስዬ ከፍርድ ቤት ሲወጡ እንደገና ተያዙ። በቀናት ውስጥ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ አዋጅ ወጣ፤ እሳቸውም ስድስት ዓመት ገደማ ታሰሩ። አቶ ስዬ የመብት ተሟጋች ነበሩ እያልኩ አይደለም፤ የሥርዓቱ ትልቅ ሰው ነበሩ። ሰውየው ንጹሕ ነው አይደለም የሚለውም የዛሬ ርዕሳችን አይደለም። ክፍፍሉ ባይመጣ ያ ፋይል ይከፈት ነበር ወይ? እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። በሕጉ መሠረት የወሰኑት ዳኛ ደግሞ ኋላ በተቃዋሚ መሪነታቸው ሁለት ጊዜ እስር ቤት ገቡ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ 2009 በእኛ 2001 ዓ.ም ነው። ቤጂንግ ላይ ጎንግሜንግ በግብር ሰበብ በተዘጋበት ዓመት አዲስ አበባ ላይ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። የኢሰመጉ የባንክ ሒሳብ ታገደ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የባለሥልጣናት ሀብት ማሳወቂያ አዋጅ ቁጥር 668 መጣ። ምዝገባው ተካሄደ፤ በኢሕአዴግ ዘመን ግን ዝርዝሩ በጋዜጣ ታትሞ ሕዝብ አላየውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ሕዝብ ምን ሊያይ እንደሚችል የገመቱ ይመስለኛል። ስለዚህ በአንድ በኩል መዝገቡ ተቆለፈ፤ በሌላ በኩል «መዝገቡን ክፈቱ» የሚሉት ማኅበራት ገንዘብ ተቆለፈ። አዋጅ 621 በ2011 ዓ.ም ተሽሯል፤ ይህ መነገር አለበት።

ወደ ሹ ልመለስ። በ2017 ተፈቱ። በዲሴምበር 2019 ሺያመን ከተማ ውስጥ ጥቂት ጠበቆችና ተሟጋቾች ተገናኝተው ስለ ሀገራቸው ተወያዩ፤ በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ፖሊስ ሰዎቹን መልቀም ጀመረ፤ ዲንግም ተያዙ። ሹ ተደበቁ። በተደበቁበት ሆነው ሺ ጂንፒንግ ከሥልጣን ይውረዱ የሚል ጽሑፍ አወጡ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2020 የተያዙት በጓንግዦ ነው፤ ከ17 ዓመት በፊት ያ ወጣት በሞተባት ከተማ። ሁለቱም «በተወሰነ ስፍራ በክትትል መቆየት» በሚባለው አሠራር ከቤተሰብና ከጠበቃ ተነጥለው ተያዙ፤ ሕጉ ይህን እስከ ስድስት ወር ይፈቅዳል። ዲንግ እንቅልፍ ተከልክለው እንደተሠቃዩ ለጠበቃቸው ተናግረዋል።

ይኸኛው ክስ የአደባባይ ሥርዓት ማወክ አልነበረም፤ የመንግሥትን ሥልጣን መገልበጥ ነው። ችሎቱ በዝግ ተካሄደ። ኤፕሪል 10 ቀን 2023 ሹ 14 ዓመት፣ ዲንግ 12 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ይግባኛቸውም ውድቅ ሆነ። የሹ የትግል ጓድና የሕይወት አጋር ሊ ቺያኦቹም በበኩሏ ታስራ በ2024 ነው የተፈታችው። የዲንግ ባለቤት ሉኦ ሼንግቹን የምትኖረው እዚሁ አሜሪካ ነው። የባሏን ፎቶ ይዛ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው እየዞረች ነው።